ስልሳ ሲሞላ

ሰኞ ጠዋት፣ አፉላ፣ ደወሉ ሳይደወል፣
ኤቪያታር ቀድሞኛል፤ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሟል።
«ትርንጎ፣» ይለኛል፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ፤»
«ቆይ አንድ ደቂቃ፣» አልኩት፣ ኮቴን ሳላወልቅ።
እሱ ዘንድ ቃል ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ አይታጠፍ፤
ግድግዳው ሰዓት ላይ ዐይኑን ተክሎ ቆጠረ፣
አንዲት ሰከንድ ሳያሳልፍ።
ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ «ስልሳ! አለቀ ደቂቃሽ!
ስምሽ ፍሬ ነው ካልሽ፣ ማነው የሚልጥሽ?»

አርባ ዓመት ተሸክሜው ስዞር ይህን ስሜን፣
አንድ ቀን አልጠየቅኩም ልጣጬንና ፍሬዬን።
ዝም ስል ጊዜ አዘነ፤ ትከሻዬን ነካ፤
«አይዞሽ፣» አለ፣ «ልጣጭሽ ወፍራም ነው ለካ።»

ሊባት በአፏ አይደለም፤ ጣቷ ነው የሚናገር፣
ሥዕል በሞላው ሰሌዳ፣ ሲነኩት በሚጮህ ነገር።
ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ብቻ፦ ሙዝ።
ሒሳብ ሲሆን ሙዝ፣ መዝሙር ሲሆን ሙዝ፣
የጥርስ ሐኪሙ «አፍሽን ክፈቺ» ሲላትም ሙዝ።
ከሚኒስቴር መጣች አንዲት ተቆጣጣሪ፣
ስለ ግብ፣ ስለ አመልካች፣ ስለ ዕቅድ ተናጋሪ።
ዳይሬክተሯ ነቀነቀች፤ እኔም ነቀነቅሁ፣
የገባኝ ለመምሰል፣ ምሳ ሰዓት እየጠበቅሁ።
ከዚያ ያ ጣት ተነሳ፤ ሙዝን ዘሎ አለፈ፤
ገጹን ገልጦ ገልጦ፣ አንድ ቦታ አረፈ።
የማሽኑም ድምፅ፣ ዜና አንባቢ የመሰለ፣
«ጨርሰናል። ወደ ቤት። አመሰግናለሁ።» አለ።

መስኮት ከፈትኩ፣ ሳቄን ሳል አስመሰልኩ፤
ማታ፣ ሥራ ሲያልቅ፣ እናቷ ጋ ደወልኩ።
«ሙዝስ የለበትም?» አለች። «የለበትም» አልኳት።
ከዚያ ስልኩ ዝም። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኳት።

ረቡዕ የስፖርት ቀን ነው፤ ጫማ በር ላይ ይቀራል፤
ኒታይ ጥንድ የሚሉት አይገባውም፤ በቀለም ይደረድራል።
ጥቁር ከጥቁር፣ ነጭ ከነጭ፣ ግራ ነው ቀኝ ነው ሳይል፤
ዳይሬክተሯ ሁለት ግራ ተጫምታ ወጣች፣
«ስብሰባ ረፈደብኝ» ስትል።
«ዛሬስ እግሬን ምን ነካው?» እያለች ታነክሳለች፤
ኒታይ ግን ምን ቸገረው፤ በቀለም ገጥማለች።

ሁልጊዜ ሳቅ አይደለም፤ ክንዴን ያየ ያውቃል፤
የማን ጥርስ እንደሆነ ቅርጹ ይናገራል።
ማክሰኞ ጠረጴዛ ሥር ከቴሂላ ጋር ዋልኩ፤
እሷ ጆሮዋን ደፍና፤ እኔ እግሬ ደንዝዞ፣ ዝም አልኩ።
እዚያ ከመስከረም የጠፋውን መቀሴን አገኘሁ፤
እሷም የጥንት ብስኩት አገኘች፤
ግማሹን ሰጠችኝ፤ በላሁ።

ግሌብ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ የሰማውን ይደግማል፤
የአውቶቡሷን ሴትዮ፣ «ቀጣዩ ጣቢያ» የምትለዋን፣
ከነትንፋሿ ይቀዳል።
የእኔ ዕብራይስጥ እስከ ድንጋጤ ነው የሚያደርሰኝ፤
ወንበር ሲወድቅ፣ ጫማ ሲበር፣ አማርኛዬ ነው የሚቀድመኝ።
«ኧረ በሕግ!» አልኩ አንዴ፣ ሰማያዊው ቀለም ምንጣፍ ላይ ሲደፋ፤
ከእኔ አፍ ወጥቶ እሱ አፍ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠፋ።

ሐሙስ እናቱ መጣች፣ ላሪሳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤
«ሱፐርማርኬት ነበርን፤ ሴትየዋ ስትነግረን ዋጋ፣
እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ዞረ።
ኤሬ ቤሕግ ምንድን ነው? ይህን ማን አስተማረ?
ከኋላ የቆሙ አንዲት የእናንተ አሮጊት፣
ቲማቲሙን መልሰው ግንባሩን ሳሙት።
ጸሎት ነው እንዴ?» አለች።
እኔም ምላሴን ነክሼ፣
«ነው» አልኳት፤ «የተወደደ ሲያጋጥም የሚባል፣»
ፊቴን ወደ ሰሌዳው መልሼ።

ማታ ቤት ገባሁ፤ ጎሹ ሶፋው ላይ፣ ኳስ ሲያይ።
«ቆሻሻውን አውጣልኝ።»
«ቆይ አንድ ደቂቃ፣» አለ፣ ዐይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ።
ከፊቱ ቆምኩ፣ ሰዓቱን አየሁ፣ መቁጠር ጀመርኩ፤
«ምን ሆንሽ?» አለኝ አርባ ላይ። ጎል ገባ፤ አልዞርኩ።
ሃምሳ ስምንት፣
ሃምሳ ዘጠኝ፣
ስልሳ።
«ኧረ በሕግ!» ብሎ ተነሳ።